የጌጁን ሽቦ የነቀልኩት እኔ አይደለሁም

እትዬ፣

የመኪናውን ቁልፍ ይዤ ወጥቻለሁ። ብጠይቅሽ ስለማትሰጪኝ ነው፤ ይቅርታ። እማዬን ሐኪም ቤት በታክሲ ውሰጃት።

ትናንት እሷ እየሰማች «አባባ ከሞቱ ወዲህ መኪናቸውን ፈታተህ ፈታተህ የሙቀት ጌጁን አበላሸኸው» አልሽኝ።

ዛሬ ጠዋት የጌጁን ሽቦ ተከትዬ እስከ ሞተሩ ወረድኩ። ከሴንሰሩ ላይ ተነቅሎ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው በኋላ ለመፍታት እንዲመች መጨረሻው ላይ ታጥፏል። በዚህ ቤት እንዲያ የሚያጥፍ ማን እንደነበር ታውቂያለሽ።

መልሼ ሰካሁት። ሞተሩን አስነስቼ ብዙም ሳልቆይ ቀስቱ ቀዩ ውስጥ ገባ። ጌጁ ምንም አልሆነም፤ ሞተሩ ግን ይፈላል። አባባ ያውቁ ነበር። እንዳንጨነቅ ብለው ደበቁን።

ትዝ ይልሻል፣ «አባባ፣ ሞቀ እንዴ?» ስትያቸው «ምን ሆኖ! ከእናንተ ሁሉ እሱ ይሻላል» ብለው ያስቁን ነበር።
ስለ ደረታቸው ስንጠይቃቸውም አሳቁን።

መካኒክ ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያ መኪናውን ማንም እንዳይነካው።

እማዬ «ሳሉ ለቆኛል፣ የትም አልሄድም» ትልሻለች።
እንዳትሰሚያት።