ስለ መገልበጥ ትምህርት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ጀማሉዲን
የአረጋውያን መጦሪያዎች ኃላፊ
ደሴ

ጓድ ኃላፊ፣ አላህ ጤናዎን ያብዛልዎት፤ አባባሉ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ከሆነም ጤናው ብቻውን ይድረስዎት። እኔ ዘይኑልአቢዲን፣ በጉልምስናዬ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሳሽከረክር የኖርሁ፣ ዛሬ በሆጤው መጦሪያ የምጦር ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግቢያችን በር ላይ የለጠፍሁት ደፍሬ ሳይሆን፣ ምስጋና በጓዳ አይነገርም ብዬ ነው። ጥርስም ስለሌለኝ ነከሰኝ እንደማይሉ እተማመናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍራሽ። አብረውን የሚጦሩት ቄስ መምሬ ቀለሙ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ሰው ካልገለበጣቸው በቀር እንደተኙ የሚውሉ ናቸው። ፍራሻቸው አልቆ የአልጋው ሽቦ ጎናቸውን ቢወጋቸው፣ ለፍራሽ በጀት እንዲፈቀድልን አመለከትን። መሥሪያ ቤትዎም ችግራችንን በጥሞና መርምሮ ድምፅ ማጉያ ላከልን። ገሚሶቻችንን ጆሯችን ስለከዳን ይህ አሳቢነት ልባችንን ነክቶታል፤ ፍራሽ እንደሌለ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠና። ብቸኛዋ አስታማሚያችን ሥርጉት የአረጋውያን አያያዝ እንድትማር ለሦስት ወር ወደ ኮምቦልቻ ስትጠራ መርቀን ሸኘናት። በምትኳ ሰው ያልላኩት በራሳችን መተማመንን እንድንለምድ አስበው መሆኑ የገባን ግን ቆይቶ ነው። ብዙም ሳይቆይ የመምሬ ጎን ቆሰለ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው ከዓይነ ስውሩ ሀምዱ ጋር ተማከርን። እሱ ጉልበት አለው፣ እኔ ዓይን አለኝ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ አስታማሚ ወጣን። ሰዓት ስለሌለን፣ ከመስጊዱ አዛን በተሰማ ቁጥር እንገለብጣቸው ጀመር።

መምሬም ሕመሙን ችለው፣ «ዘይኑ፣ ቀስ እያልህ ወደ ቂብላ ልታዞረኝ ነው?» ይሉኝ ነበር።

«የለም መምሬ፣ ወደ ግድግዳው ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትተው፣ «እባካችሁ ተዉኝ፣ ልሂድበት» አሉን። ሀምዱ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። ወላሂ፣ ያን ቀን የሥልጠናውን ፍሬ በትዕግሥት መጠበቅ ከበደኝ።

ሥርጉት የምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመለስ በር ላይ ወጥተን ተቀበልናት። «በይ ልጄ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ አሳይን» አልኋት።

አቀርቅራ፣ «አባባ፣ እኛ የተማርነው ሥርዓት እንዴት እንደሚገለበጥ ነው። ስለ በሽተኛው ስጠይቅ በመጨረሻው ሳምንት ይደርሳል አሉኝ፤ የመጨረሻው ሳምንት ለመዝጊያው በዓል የሰልፍ ልምምድ ሆነ» አለች።

የመምሬን ጎን ገልጣ ስታይ ግን ወረቀቷን እዚያው ጥላ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች። አንዲት ነርስ ለምና አመጣች፤ ከእሷም ቁስል ማጠብን፣ ወገብ ሳይጎዱ ሰው ማንሳትን፣ በትራስ ጎን መደገፍን ተማረች። የዕረፍት ቀኖቿንም በዚሁ ጨረሰቻቸው። አልሐምዱሊላህ፣ የመምሬ ቁስል ደርቋል፤ ትናንት በእኛ ተደግፈው ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ።

ይህን መዳን መሥሪያ ቤትዎ በስብሰባ ላይ የሥልጠናው ውጤት ብሎ ማወደሱን ሰምተናል። ሦስተኛ ብዬ ቅሬታ አላደርገውም፤ ክብሩን በሙሉ ይውሰዱት። በለውጡ ፍራሽ ይስጡን፤ የሚቀጥለው ሥልጠናም በሽተኛ ባለበት ክፍል፣ በሽተኛ አንስታ በምታውቅ ነርስ ይሰጥልን።

የትከሻዬ ሕመም እጄን ሽቅብ ማንሳት ስለከለከለኝ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬን ተቀምጬ አቀርባለሁ።

ዘይኑልአቢዲን ሸረፈዲን
ደሴ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በቀደም ዕለት አንዲት አሮጊት በጎረቤት ተደግፈው ከደጋን መጥተው ማረፊያ ለመኑን። ስማቸው ጣይባ ነው። ልጅ የለዎትም ወይ ብንላቸው፣ «እንዴት አጣለሁ! ጀማሉዲኔ ደሴ ላይ ሽማግሌ የሚጦር ሹም ነው፤ ጊዜ አጥቶ ነው እንጂ» አሉን። እኛም ጊዜ ማጣትዎን መሰከርንልዎት። በበሩ በኩል ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ። የመጠየቂያ ሰዓታችን ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው።