ሺህ እጥፍ

ማክሰኞ ሰኔ 6 ቀን 1998፣ ናይሮቢ

ለሞያሌ ክሊኒክ የሠራሁትን የሕፃናት ቫይታሚን መጠን ግራፍ ለቢሯችን ነርስ ለሲስተር አልማዝ አሳየኋት።

«አንተ፣ ሕፃን ልታስገድለኝ ነው?» አለች።

ማይክሮግራም ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ሚሊግራም ሆኗል። ሺህ እጥፍ! ለካ ኮምፒውተሬ የሚሠራበት ሊኑክስ ላይ የምልክት ፎንት ስለሌለ የስታቲስቲክሱ ፕሮግራም የማይክሮዋን ምልክት «µ»ን በተራ «m» ተክቷታል። ፎንቱን ጫንኩ፣ ተስተካከለ፣ ለክሊኒኩ ላክኩላቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ክው አልኩ። ፋይሉ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። በእነሱም ኮምፒውተር ላይ ሊኑክሱን ፎንቱ በሌለበት በዚያው ሲዲ የጫንኩት እኔው ነኝ። ደወልኩ።

«ደርሶናል ወንድሜ፣ አትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል» አለኝ የክሊኒኩ ጤና ረዳት።

«ንቀሉት!» ብዬ ስጮህ ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

እስከዚያ ማን እንዳነበበው ግን ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ።