የግንባሬ ዳርና የስንዱ እጅ

ረቡዕ

ዛሬም ለካሁት። በር ቆልፌ፣ ሻሼን አውልቄ፣ በስልኬ ካሜራ እያየሁ። ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ሁለት ጣት ነበር፤ አሁን ሦስት ሊሞላ ነው። ቀኙ ትንሽ ይሻላል።

እስካሁን የሞከርኩት፦ የሽንኩርት ጭማቂ (ሦስት ቀን ሸተትኩ)፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሩዝ ውሃ፣ ቅቤ። ምንም ለውጥ የለም።

እህቴ ስንዱ የአራብሳ ውሃ ነው ትላለች። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ያልሳሳ ጸጉር የለም፣ ይሞላልሻል ትለኛለች። ሹሩባ ሠሪ ስለሆነች አምናታለሁ።

አንድ ቪዲዮ አለ፤ ደጋግሜ አየዋለሁ። መላጣ ሰውዬ ይገባል፣ ጸጉራም ሆኖ ይወጣል። የጸጉር ንቅለ ተከላ ይሉታል። ክሊኒኩ ቦሌ ነው። ለምክር አይከፈልም ይላል። ነፋስ ሲመጣ ሻሼን በሁለት እጄ ሳልይዝ መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ሐሙስ

ሄድኩ። ለስንዱ ጓደኛዬ ጋ ነኝ አልኳት። ጎሮ ወርጄ ሌላ ታክሲ ያዝኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሁሉም ኮፍያ አድርገዋል፤ እርስ በርስ አይተያዩም። ካርድ የምታወጣው ልጅ ለአባትሽ ነው ወይ አለችኝ። ለራሴ አልኩ። አልሰማችኝም፣ አስደገመችኝ። ኮፍያዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

ሐኪሟ ግን ደህና ሴት ናት። ንቅለ ተከላ አዲስ ጸጉር አይፈጥርም አለችኝ። ከማጅራት ያለውን ጸጉር ከነሥሩ እየለቀሙ ባዶው ላይ መትከል ነው፤ እንደ ችግኝ። ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ካብረቀረቀ ሥሩ ሞቷል፣ ያኔ ነው መትከል። የኔ ግን አልሞተም። እንደ ጫጩት ላባ የሳሱ ጸጉሮች አሉ ብላ በማጉያው አሳየችኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጸጉሬን ማን እንደሚሠራኝ ጠየቀችኝ። እህቴ አልኩ። ያምሻል ወይ አለች። ሳቅሁ። ስንዱ ሠርታው የማያም ሹሩባ አለ እንዴ።

እሷ አልሳቀችም። "ጸጉርሽን የጨረሰው መጎተቱ ነው" አለችኝ። "ካላቆምሽ ይሞታል። ብንተክልልሽም እንደገና ይነቀላል።"

የሚቀባ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ለብዙ ወራት ሹሩባ የለም፣ ዊግም የለም። ታክሲ ውስጥ መደሰት ነበረብኝ። አለቀስኩ።

ዓርብ

ስንዱ ሹሩባ የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ ዊግ እየለየሁ እሷን ሳያት ዋልኩ። ሰፈሩ የሚያውቃት በእጇ ጥብቀት ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጡት ልጆች ለጸጉር ጊዜ ስለሌላቸው ወር እንዲቆይላቸው አጥብቂልን ይሏታል። ዛሬ አንዷ ግንባሯን ይዛ፣ "ስንድዬ፣ ዛሬ ዓይኔ የሚከደንም አይመስለኝ" አለቻት።

"ያላመመ ሹሩባ ነገ ይፈታል" አለች ስንዱ። ሁሉም ሳቁ።

እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ ስንዱ ናት። አታቅፍም፣ አታቆላምጥም። ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ በጉልበቶቿ መሃል በርጩማ ላይ ታስቀምጠኛለች። ስለ እማዬ የምታወራኝ ያኔ ብቻ ነው። ያማል፤ ግን ባያልቅ እላለሁ።

ነገ ተራዬ ነው። ሹሩባ በቃኝ ካልኩ ቅዳሜ የለም። ዝም ካልኩ ጸጉሬ የለም።

ለመናገር የጻፍኩት፦ "ውሃው አይደለም።" ሰረዝኩት። "ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር።" ሰረዝኩት።

ቅዳሜ

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የድሮውን ፈታችልኝ፣ አበጠረችኝ፣ ጀመረች። ከኋላ ሦስት ጉንጉን ሠራች። እማዬ ሽሮ ሲያርባት ጎረቤት ላይ ታሳብብ እንደነበር እያወራችኝ ነበር። ግንባሬ ዳር ስትደርስ እጇን ያዝኩት።

"ስንድዬ፣ አትጎትቺው።"

ወለሉን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ጸጉሬ ላይ እንዳለ ቆመ።

"እኔ ነኝ መላጣ ያደረግሁሽ?"

አይደለም አልኩ። ወዲያው ግን መድኃኒቱን አሳየኋት፤ ሐኪሟ ያለችውን ደገምኩላት። "እማዬም እኔን እንዲህ ነበር የምትሠራኝ" አለች፤ ለኔ የምትናገር አልመሰለኝም። ሦስቱን ፈታቻቸው። ሱቁን ከፈተች።

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ምሳ በየፊናችን በላን። ጸጉሬ ሻሽ ውስጥ ቀሎኛል። ምነው ባልተናገርኩ።

እሑድ

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን አመጣች። ልጅቷ ገና ሲነኳት ማልቀስ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ስንዱ "ዝም በይ፣ ልታምሪ እኮ ነው" ትላለች። ዛሬ የጀመረችውን ፈትታ እንደገና ሠራችው። ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናትየዋ ዳበሰችው። "ስንዱ፣ ምነው እጅሽ ላላ? ይሄ ሳምንትም አይቆይ።"

"ካልቆየ መልሰሽ አምጫት።"

ሴትየዋ እያጉረመረመች ሄደች። ስንዱ እኔን አላየችኝም። ስንዘጋ ግን በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ዊጓን አወለቀች። ሥራ ላይ ዊግ፣ ቤት ሻሽ ናት፤ ራሷን ገልጣ ካየኋት ዓመታት ሆኖኛል።

"እስቲ እይልኝ። ያቺ ያልሻት ላባ አለች?"

በስልኬ መብራት ፈለግኩ። ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈለግኩ። ቆዳው ያበራል።

"አለ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሐኪሟ ትይሽ" አልኩ።

"ወንዶች ብቻ ናቸው አላልሽም?"

"ሁለት ሴት እንሆናለና።"

ትንሽ ሳቀች። ረቡዕ ሱቁን ዘግተን እንሄዳለን ተባባልን። የሚተከለው ጸጉር የሚወሰደው ከማጅራት ነው፤ የሷን ማጅራት ለማየት ግን ፈራሁ። ሻሿን እኔ አሰርኩላት፤ ላላ አድርጌ።