እንግዳዋ እስክትወጣ

ኅዳር 3

ብርድ። የሌሊቱ ውርጭ ከጓሮው ጎመን ላይ እስከ ረፋድ አልለቀቀም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ የትንሹ ልጄ የዲማ እጀ ጠባብ ገመዱ ላይ ደርቆ እንደ ጣውላ ቀጥ አለ።

ባሌ በየነ ትናንት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ጊኒር ወርዷል። መንገዱ ሰላም አይደለም ይላሉ። በደህና ይመልሰው።

ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰዷል። እዚህ ጎባ ኩፍኝ ገብቷል። ታች ሰፈር ያልገባበት ቤት የለም አሉ። ትልቋ ልጄ ሠርከአዲስ ጡት ሳትጥል ወጥቶባታል፤ ለእሷ አልሰጋም። ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ነው። ታናናሾቿ ቀመርና ዲማ ግን... ከዛሬ ጀምሮ ከግቢ አይወጡም። ማንም ልጅም አይገባም።

ኅዳር 6

ልጅን ቤት ዘግቶ ማዋል እንዴት ከባድ ነው። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በሩን ይቧጥጣሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ ወለሉ ላይ የገበጣ ጉድጓድ ቆፈርኩላቸው። በየነ ሲመጣ ምን ይል ይሆን? በጠጠር ፋንታ ባቄላ ሰጠኋቸው፤ ላሞቻችን ናቸው አሉ። ዲማ አንዱን አንስቶ ዋጠ። ቀመር "ላሜን በላብኝ!" ብላ ከሰሰችው። ስቄ ሞትኩ።

ጎረቤቴ ዙህራ በአጥሩ በኩል ወተት አቀበለችኝ። "አካም ቡልቴ?" አለች፤ ደህና አደርን አልኳት። ዲማን በዚህ ስም የጠራችው እሷ ናት፤ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው፣ ሲወለድ ቀይ ስለነበር። ልጇ ጁሀራ ታማ አሁን ድናለች። ከስታለች አለችኝ፤ ግን ትሮጣለች።

ኅዳር 9

ገባ። በምን ገባ? በሩን ዘግቼ፣ ውሃውን አፍልቼ...

ትናንት የቀመር ዓይን ቀላ። ዛሬ ዲማንም አተኮሰው። እትዬ ማሚቱን ሰው ልኬ ጠራኋቸው። በዚህ ሰፈር ያላሳደጉት ልጅ የለም፤ በየነንም ሳይቀር በልጅነቱ አዝለውታል። መጥተው መስኮቱን በጋቢ ሸፈኑ። ገላ እንዳላጥብ፣ ከፀሐይ የመጣ ሰው እንዳላስገባ፣ መርፌ የሚባል ነገር በዚህ ደጅ እንዳያልፍ አዘዙኝ። የበሽታዋንም ስም አትጥሪ አሉ።

"እንግዳ ናት። እንግዳ ፊት ታያለች። ፊትሽ ይፍካ፣ ቤትሽ ሳቅ ይኑርበት። ከከፋት ይዛ ትሄዳለች።"

እሺ አልኩ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ኅዳር 11

ሁለቱም ላይ ወጣ። ቀመር የወንድሟን ፊት አይታ "ዲማ አሁን የእውነት ዲማ ሆነ" አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ግን ቀልድ አልተወችም። ተረት ንገሪኝ ትላለች። የማውቀው ሁሉ አለቀብኝ፤ የሌለ ተረት ከራሴ እየፈጠርኩ ነው። ጅቡ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ተነሳ። እሷ ታርመኛለች።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሰብስቦ በየደጁ አነደደው። በሽታ ይባረር ብለው ነው። ጭሱ ግን በእኛ በር ገባ። ቀመር በሳል ትንፋሽ አጠራት። ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። ሠርከአዲስ ወጥታ እሳቱን ራቅ አድርጉልን ብላ ለመነቻቸው። አንዱ ጎረምሳ "አቤቱታሽን ለሚካኤል አቅርቢ" ብሎ ሳቀባት። በኋላ ራሷ በእንጨት እየገፋች ጭሱን ወደ መንገድ መለሰችው። እጇ ተለብልቧል። ቅቤ ቀባሁላት።

ኅዳር 14

ቀመር። ጠዋት፣ እጄ ላይ።

ኅዳር 15

መጮኽ ከለከሉኝ። መጻፍ ማንም አልከለከለኝም።

ትንፋሿ ሲቆም አፌን ከፍቼ ነበር። እትዬ ማሚቱ በመዳፋቸው ከደኑት። እንዲህ ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ውስጥ ነው የተናገሩት።

"አንዱ ገና እንግዳዋ እጅ ላይ ነው። ከጮኽሽ ተቆጥታ እሱንም ትወስደዋለች። ዋጪው ልጄ፣ ዋጪው።"

ዋጥኩት። ዲማ አጠገቧ ተኝቶ ነበር።

ነጠላዬን ገፍፌ ጠቀለልኳት። የእትዬ ማሚቱ ባል አቶ ገብረ ሥላሴ እና የዙህራ ባል ጃርሶ በጓሮ በኩል አወጧት። ጃርሶ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። እናት አትከተልም አሉኝ። ለቀስተኛም አይመጣም፤ እንግዳዋ ከቤቱ እስክትወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሏል።

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ እኔ ዲማን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አጨበጭብለት ነበር። ምን ዓይነት እናት ናት ልጇ ስትቀበር የምታጨበጭብ?

ለሠርከአዲስ ቀመር ዙህራ ቤት ተወስዳለች፣ እዚያ ይሻላታል አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። "እሺ" አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ለምን አልጠየቀችም?

ኅዳር 16

ሠርከአዲስ ቀኑን ሙሉ ዲማን ስታስቅ ዋለች። የድስት ክዳን ራሷ ላይ ደፍታ እንደ ቄስ ትዘምራለች፣ እንደ በግ ትጮኻለች። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ መንጋጋዬን አመመኝ።

ለበየነ መልእክት መላክ አልተቻለም። ወደ ጊኒር የሚሄድ መኪና የለም። እሱ ሦስት ልጆች እንዳሉት ነው የሚያውቀው።

ኅዳር 17

ዲማ ላይ የወጣው ከስሟል። ትኩሳቱ ግን ተመለሰ። ሲተነፍስ የጎኑ አጥንት ወደ ውስጥ ይገባል። አፍንጫው ይርገበገባል። ቀመርም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበረች።

ዙህራን በአጥሩ ጠርቼ ነገርኳት። ጁሀራም እንዲህ ሆና እንደነበር፣ ጤና ጣቢያ ወስዳ እንዳስወጋቻት፣ መርፌ የሚወጋው ድሬሰርም ይኼ የሳንባ ነው፣ ከኩፍኙ ተከትሎ የሚመጣ ነው እንዳላት ነገረችኝ። "ውሰጂው እኅቴ። ረቢ ያውቃል፣ አንቺ ግን ውሰጂው።"

እትዬ ማሚቱ ሲሰሙ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የእኅታቸው ልጅ ኩፍኝ እያለበት ተወግቶ በዚያው ቀን መሞቱን ነገሩኝ። መርፌ ወደ ውስጥ ይመልሳታል አሉ። እንባ ዓይናቸው ላይ ሞላ፤ አላፈሰሱትም።

አይዋሹም። ዙህራም አትዋሽም። ሁለቱም ዲማን ይወዱታል። ቢሞት ግን የማን ሞት ነው? አንዱን መምረጥ አለብኝ። በየነ ቢኖር... እሱም እኔን ነበር የሚያየው።

ኅዳር 18

ወሰድኩት።

እትዬ ማሚቱ የአጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። "ከወጣሽ እኔ የለሁበትም" አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ አልኩና አለፍኳቸው። ሠርከአዲስን ለብቻዋ መተው አልቻልኩም፤ ቀሚሴን ይዛ ተከተለችኝ። ዲማን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ነፋስ እንዳይነካው ፊቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ።

ድሬሰሩ ወጣት ነው። ደረቱን አዳመጠ፣ ዓይኑን ገለጠ። ለምን ዘገየሽ አላለኝም፤ እግዜር ይስጠው። ከዚያ እየጻፈ ጠየቀኝ።

"ስንት ልጆች አሉሽ?"

ሦስት ልል ነበር። ሁለት ብልስ? ሠርከአዲስ አጠገቤ ቆማለች፣ ዲማ ዓይኑን ከፍቷል።

"ሁለት ነን" አለች ሠርከአዲስ። "ቀመር ሞታለች። ግን ወንድሜ እንዳይሰማ ቀስ ብለው ይጠይቁ።"

ድሬሰሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነስቶ መርፌውን አመጣ። ዲማ ጮኸ።

መንገድ ላይ ነው የጠየቅኋት። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?

"ከዚያ ጠዋት። አልተኛሁም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እትዬ ማሚቱ አንቺን ሲከለክሉሽ ሰማሁ።"



ኅዳር 19

ሌሊቱን ሁሉ ደረቱ ላይ እጄን አድርጌ አደርኩ። ይተነፍሳል። እትዬ ማሚቱ አልመጡም። ዛሬም ተወጋ። ነገም ውሰጂው ተብያለሁ። ከገደለው የገደልኩት እኔ ነኝ። ካዳነው...

እስቲ ይተንፍስ።

ኅዳር 20

ያው ነው። ትኩሳቱ ጠዋት ይወርዳል፣ ከሰዓት ይወጣል። ሠርከአዲስ ትዘምርለታለች። እሱ አይስቅም፤ ግን ያያታል። ተይ ልላት ፈልጌ ተውኩት። ቤቱ ጸጥ ካለ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ኅዳር 22

ጭኮ አለኝ! በራሱ አፍ "ጭኮ" አለ። ገብስ ቆልቼ ፈጨሁ፣ በቅቤ ለወስኩ። በጥድፊያ ግማሹን ደፋሁ። ቀመሰ፣ አስመለሰ፣ እንደገና ቀመሰ። ጎኑ ከእንግዲህ ወደ ውስጥ አይገባም።

ኅዳር 24

በየነ መጣ። ጃርሶ እህል ሊሸጥ ሮቤ በወረደ ቁጥር ከጊኒር የሚመጣውን መኪና ሲጠብቅ ሰንብቶ ነበር። አግኝቶት እዚያው ነገረው። ለመጮኽ ሮቤ ሜዳ ላይ ይሻላል ብሎ ነው፤ እዚህ በር ላይ እንዳይሆን። ሲገባ ዓይኑ አብጧል፤ ፊቱ ግን ታጥቧል። ዲማን አንስቶ ጢሙን አንገቱ ውስጥ ቀበረ፣ ኮረኮረው። የወለሉን ጉድጓድ አየ። ማን ቆፈረው አላለም። ከዚያ ዞሮ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ በረዶ ነበር።

ኅዳር 30

ዛሬ ጠዋት እትዬ ማሚቱ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ዲማን ብርሃን ላይ አቁመው ምላሱን አዩ፣ አንገቱን ዳሰሱ፣ እንዲራመድ አደረጉት። ስለ መርፌው አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ጋቢውን ከመስኮቱ ላይ አወረዱት።

"ወጥታለች" አሉ። "አሁን ማልቀስ ትችያለሽ።"

ለቀስተኛ ሊመጣ ነው። በየነ አግዳሚ ከጎረቤት እየተዋሰ ደጅ ደረደረ። እኔ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። እንባው አልመጣልኝም። ደረቴ ደረቅ ነው። የዋጥኩት ሁሉ የት ሄደ? ሰው መጥቶ ደረቅ ዓይኔን ቢያይ ምን ይላል?

ሠርከአዲስ ቤቱን ትጠርጋለች። ዲማ እንዳይከፋው በመጥረጊያው እንደ ፈረስ ትጋልብለታለች፤ ፈገግ እያለች። ያን ፈገግታ አየሁት። የእሷ አልነበረም፤ ከእኔ የተማረችው ነው።

ጠራኋት። ልጁን ለአባቱ ስጪው አልኳት። ዛሬ ማንንም አታስቂ አልኳት።

መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። አልገባትም መሰለኝ።

"ላልቅስ?" አለች።

"አልቅሺ።"

"ጮክ ብዬ?"

"ጮክ ብለሽ ልጄ።"

አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም። ፊቷ ብቻ ተጨማደደ፣ ትከሻዋ ተነሳ። ከዚያ ወጣ። ያን ያህል ትልቅ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ደረት... ስቤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የእህቷን ስም ጠራች። እኔም ጠራሁ፤ እሷን ተከትዬ።