እማዬ ለማን እንደተነሣች

ለእህቴ ለሚሚ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀት ሳይጎዳሽ ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ። እኛ እዚህ ደብረ ታቦር፣ ብርዱ ቢበረታም ደኅና ነን። በስልክ ሳወራ እማዬ ስለምትሰማ፣ ወደ ኩዌት በምትመለሰው በጎረቤታችን በፍቅርተ እጅ ልኬዋለሁ።

የእማዬን የተበላ ጉልበት አውጥተው ሰው ሠራሹን ከተኩላት ወዲህ ቁስሏ ደርቋል። ከመደቡ መነሣት ስለሚከብዳት ከፍ ያለ አልጋ አሠርቼላታለሁ። ገላዋንም የማጥባት እኔ ነኝ። የሕክምና ባለሙያው ጠዋትና ማታ እየተነሣች ትቁም ብሏል። እኔ ስለምናት ግን፣ "ተይኝ እባክሽ፣ ጉልበቴን የማውቀው እኔ ነኝ" ትለኛለች።

እሑድ ደውለሽ ፊትሽ ስልኩ ላይ ሲወጣ፣ "ኖር!" ብላ ብድግ አለች። እናት ለልጇ ኖር ስትል አይቼ አላውቅም። አንቺም ሳቅሽ። እኔ ከኋላዋ ብብቷን ደግፌ ይዤ ነበር፤ የታየሁሽ አይመስለኝም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ የገዛ ቤታችንን በር እንደ እንግዳ አንኳኳሁ።

"ኖር!" አለች ከውስጥ።

ስገባ ምርኩዟን ይዛ ቆማለች። አየችኝና ተመልሳ ተቀመጠች።

"አንቺ ነሽ እንዴ? እኔኮ ሰው መስሎኝ!"

አብረን ሳቅን። ብቻ ቆማለች፤ ዋናው እሱ ነው።

ለፋሲካ እንደምትመጪ ንገሪያት ያልሽኝን እስካሁን አልነገርኳትም። ጉልበቷ ትንሽ ይጥና ብዬ ነው።

በሰላም ያገናኘን።

ከእማዬ አጠገብ ያለሁት እህትሽ፣
ዓለሚቱ