ማዘርቦርዱ እኔ ጋ፣ ፕሮሰሰሩ ጊምቢ

ውድ ቀነአ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው፤ እንዳትኮራበት። አከም ጂርታም አልልህም። ደህና መሆንህንማ ሰምቻለሁ። ጊምቢ አክስትህ ቤት ገብተህ፣ ዩኒፎርም አሰፍተህ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ቁጭ ብለሃል አሉ። ጎሽ የኔ ተማሪ!

ከማን እንደሰማሁ ታውቃለህ? ከእናትህ። ለኮምፒውተራችን የቀረንን ራም ገዝቼ፣ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ከባኬ ጃማ ሰፈር እናንተ ቤት ድረስ በሩጫ መጣሁ።

«አዴ ሐዊ፣ ቀነአን ይጥሩልኝ! ዛሬ እንገጥመዋለን!»

«ኢንተላኮ፣ የኔ ልጅ፣ አልነገረሽም እንዴ? ትናንት ሄደ እኮ፣ ትምህርቱን ሊቀጥል።»

«አይ፣ ነግሮኛል፣ ረስቼው ነው» አልኩ። እናትህ ፊት ዋሸሁልህ! ከዛ ድንጋይ እየጠለዝኩ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬም አፉን ከፈተ፤ እሱም ያንተ ጥፋት ነው።

ፕሮሰሰሩስ? እሱም አብሮህ ተማሪ ሆኗል።

ማዘርቦርዱ እኔ ጋ፣ ፕሮሰሰሩ አንተ ጋ ይቀመጥ ያለው ማነው? አንተ! «አንዳችን ሲቸግረን ለብቻችን እንዳንሸጠው» አልክ። ብልጥ ነገር መስሎኝ ተስማማሁ። አሁን ሬሳውን ለኔ ትተህ፣ ጭንቅላቱን በሳሙና ማስቀመጫ ይዘህ ጠፋህ። ከታች ካሉት ቀጫጭን እግሮቹ አንዷ እንኳን ብትጣመም፣ ወየውልህ!

ክረምቱን ሙሉ እኮ ነው የመረጥነው። በኔ ስልክ ቪዲዮ እያየን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አላሰማ ሲለን፣ ጆሯችንን ስልኩ ላይ ለጥፈን። ግራፊክስ ካርድ አቅማችን አይደለም፣ ስለዚህ ያለሱ ምስል የሚያወጣ ፕሮሰሰር ይሁን ተባባልን። ኬዙ ላይ ግን ተጣላን። አንተ መስታወት ያለው፣ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ ፈለግክ። «ነቀምት አምፖል እንኳን በቅጡ አይበራም፣ አንተ ሳጥን ልታበራ ነው?» አልኩህ። አኮረፍክ። በማግስቱ ራስህ መጥተህ «ኬዝ ይቅር፣ በሱ ብር ደህና ፓወር ሰፕላይ እንግዛ» አልከኝ። ያኔ ነው ሰው መሰልከኝ።

ሱቅ ውስጥ ጋሼ ታዲዮስ ያሉትን ታስታውሳለህ?

«ይሄ ርካሹ ምን አነሰው? ያው ኤሌክትሪክ ነው የሚያሳልፈው!»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደ ጎርፍ ነው። ርካሹ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

«አንቺ ከስንተኛ ነበር ያቋረጥሽው?»

«ከአስራ አንደኛ። ግን የእርስዎን ዕቃ ለማወቅ መዋዕለ ሕፃናትም ይበቃል።»

አንተ በሳቅ ሞትክ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርገህ «ብፅዓት፣ እኛ ትምህርት ቤት አንመለስም፣ እኛ የራሳችንን ቪዲዮ ቤት እንከፍታለን» አልክ። እኔ ቂሏ ደግሞ አመንኩህ።

መማርህ አይደለም ያቃጠለኝ። ተማር! ዶክተር ሁን፣ መርፌ ውጋ! ብትነግረኝ ምን ነበረበት? «ልመለስ ነው» ብትለኝ እጮህብህ ነበር፣ እሰድብህ ነበር፣ ከዛ መነኸሪያ ድረስ ሻንጣህን ተሸክሜ እሸኝህ ነበር። ጩኸቴን ፈርተህ ነው አይደል? ፈሪ! ስደውልልህም አታነሳም።

አሁንማ መደወልም ቀረ። ስልኬን ሸጥኩት። ለዚህ ነው በወረቀት የምሰድብህ። ጥር ደርሷል፤ የሰርግ ቪዲዮ ልሠራ ቃል ገብቻለሁ፣ የጎረቤታችን የሲና ሰርግ ነው። በስልኩ ብር ከጋሼ ታዲዮስ ሌላ ፕሮሰሰር ገዛሁ፤ ቦርዱ ላይ የሚገባ ግን ደካማ፣ የደከመው ሽማግሌ። እማዬ «ስልክ ሸጦ ብረት መግዛት! ምን ነክቷት ነው በሥላሴ!» እያለች ግቢውን ዞረችው።

ትናንት ካርቶን ላይ ዘርግቼ ገጠምኩት። ሁለቱን የማስነሻ እሾሆች በብሎን መፍቻ ጫፍ ነካ አደረግኩ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ በራ። በራ ቀነአ! ያላንተ በራ!

ዞር ብዬ «አየህ?!» አልኩ።

ማንም የለም። እማዬ ከጓዳ «ማንን ነው?» አለች። «ማንንም» አልኳት። ከዛ ተነስቼ ውጪ ወጣሁ። ሄደሃል ሲሉኝ እንኳን እንደዛ አልተናደድኩም።

ሽማግሌው እያቃሰተም ቢሆን ይሠራል። በሱ የሲናን ሰርግ ጨርሼ እስካስረክብ ግን ሲና ልጇን ትድራለች። አንተ የያዝከው ቢሆን ስንት ሰርግ እንቀበል ነበር!

ይሄን ደብዳቤ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለኦቦ ሞረዳ ሰጥቻቸዋለሁ። «ከሱ የሚመጣ ዕቃ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ፕሮሰሰሩን በሳቸው እንዳትልክ። በሰው እጅ ከመጣ አልቀበልም፣ እዛው መነኸሪያ ይቅር። ትምህርት ሲዘጋ ራስህ ይዘኸው ትመጣለህ። በር ላይ ቆመህ እስክጨርስ ትሰደባለህ፤ እዚህ የጻፍኩት ግማሹን አይሆንም። ከዛ ትገባለህ፣ አንተ ትገጥመዋለህ፣ እኔ አይሃለሁ።

በአካል እስክትመጣ የማልምርህ፣
ብፅዓት