ቀሪ የሌለው ዓመት

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከስምንቱ ኮምፒውተር ስድስቱ ተነሡ። ሰባተኛው ይጮኻል፣ ስምንተኛው ጭጭ። በአንድ ማሽን ሦስት ሦስት ልጅ፣ በማውስ ተራ ጠብ። የ6ኛ ክፍል የኮዲንግ ክ/ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው፣ እሱም መብራት ካለ።

ዛሬ ግን መሪጌታ ጥበቡ ገቡልኝ። ደብተሬ፣ አንቺ አታውቂያቸውም። ት/ቤታችን የቤ/ክ ስለሆነ ከደብሩ ተልከው ግዕዝና ግብረ ገብ ያስተምራሉ፤ ልጆቹ የኔታ ይሏቸዋል። የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ልጆቹ ስክሪን ላይ ድመት ማስሮጥ ሰልችቷቸዋል፣ ቁም ነገር ይሥሩ ብዬ። የኔታ በጣታቸው የሚያወጡትን ባሕረ ሐሳብ፣ ፋሲካ በየዓመቱ መቼ እንደሚውል የሚነግረውን ስሌት፣ ለማሽኑ እናስተምረው አልኩ።

የኔታ ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ ቦርዱ ላይ ደረጃ በደረጃ እየከተፍኩ እጽፋለሁ። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ፣ ለ19 ማካፈል። ከቀሪው ላይ አንድ መቀነስ። በተገኘው ቁጥር ልክ 11ን እየደጋገሙ መደመር። ከዚያ ወር፣ ከዚያ ዕለት። ልጆቹ እንዲህ ጸጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም። መጨረሻ ላይ የኔታ ጣታቸውን አንሥተው አንዲት ነገር ቀርታኛለች ሲሉ የመውጫ ደወል ተደወለ። ሌላ ቀን ይነግሩናል ብዬ አመስግኜ ሸኘኋቸው። ደስ ብሎኛል። በጣም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ፣ ማታ 12 ሰዓት

ሠራ!!

የዘንድሮን ፋሲካ ጠየቅነው፦ ሚያዝያ 12። ልክ። የአምናን ጠየቅነው፣ ልክ። ካቻምናንም። ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ር/መሩ ምን ተፈጠረ ብለው በመስኮት አዩን። የኔታ ለቅሶ ሄደው አልመጡም። እኛም አልጠበቅናቸውም።

ከዚያ ሁሉም በየተራ የተወለደበትን ዓመት ማስገባት ጀመረ። ፋሲካ ተራዋ ደረሰ። ፋሲካ ስልሽ አሁን ልጅቱን ነው። ዝምተኛዋ፣ በአንድ ጣት የምትጽፈው፣ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ መጨረሷን የማትናገረው። የተወለደችው በ2005 በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ነው፤ ስሟም ከዚያ መጣ። 2005 አለች። ማሽኑ ሚያዝያ 13 አላት። ደገመችው። 13። ሌሎቹ የ2005 ልጆች 13ን ተቀብለው ሄደዋል፤ እነሱ ምን ቸገራቸው።

ከወንዶቹ አንዱ እንግዲህ ስምሽን ቀይሪ አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ ቲቸር ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በደስታ ሰክሬያለሁ፤ ማሽን አይዋሽም፣ የሚረሳ ሰው ነው አልኳት። ምን ነበረበት ልየው ብላት?

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ፋሲካ በደብተሯ ሽፋን ላይ ያለውን ስሟን በእስክሪብቶ አጥቁራዋለች። ወረቀቱ እስኪቀደድ። የልጅ ነገር ነው፣ ያልፋል አልኩ።

መብራት የለም። የ4ኛ ክፍሎችን ደረጃ በደረጃ ማዘዝ በሽሮ አሠራር አስተማርኳቸው። ጨው የረሳ ቡድን አለ። ጨጓራዬን ቢልጡኝም እወዳቸዋለሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

አላለፈም።

የፋሲካ አክስት ወ/ሮ የሺ ቅጥሩ በር ላይ ያዘችኝ። ልጅቱ የምታድገው እሷ ጋ ነው። እናቷ ዐረብ አገር ከገባች ሰባት ዓመቷ፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ዛሬ ፋሲካ አላናግርም ብላ ስልኩን ገፋችው። በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው ደብተሬ። እናቷ በየዓመቱ አንድ ታሪክ ትነግራታለች። የትንሣኤ ሌሊት አገሩ ሁሉ ቤ/ክ ነው፤ ምጥ መጣ፤ ቤት የቀረች አንዲት ጎረቤት ብቻ። ከበሮው ከደብሩ ሲሰማ አንቺ መጣሽ ትላታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅቱ የያዘችው እናት ይቺ ታሪክ ናት። አሁን እኔና ማሽኔ መጥተን ውሸት ነው አልናት። አክስቷ ዕለቱ ፋሲካ እንደነበር አውቃለሁ ብትላት፣ የሚረሳ ሰው ነው ብላለች ቲቸር አለቻት። የእኔኑ ቃል።

የባሰው ደግሞ ይኸ ነው። እናቷ ዘንድሮ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላታለች። ልጅቱ ለአክስቷ የተናገረችውን እንደሰማሁት ልጻፈው፦ «ስለ ልደቴ ከዋሸችኝ፣ እመጣለሁ ያለችኝም ውሸት ነው።»

የሺ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም እዚያ አገር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሑድን እየቆጠሩ መደወል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ስልክ ሳይነሣ ሲቀር ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አፌን በቆረጠው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ጠዋት ሳይደወል የኔታ ጋ ሄድኩ። ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። 2005 አልኳቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ አውራ ጣታቸው በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ሮጠች። ሻይ አፍልቶ ለመቅዳት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ሚያዝያ 27፣ እሑድ አሉ። እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ከሰዓት ክፍል ገቡ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ አሏቸው። እኔም አብሬ ቆጠርኩ። የዚያ ዓመት ዓመተ ዓለም ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ቀሪው አልቦ ነው። ከአልቦ ላይ አንድ ሲቀነስ ማሽኑ ከዜሮ በታች አንድ አለ፤ ያን ያህል ጊዜ ደጋግመህ ደምር ስንለው ደግሞ መደጋገም አይችልም፤ ዝም ብሎ ዘለለው። ሳይጮኽ፣ ሳያኮርፍ፣ የተሳሳተ ቀን አምጥቶ ቁጭ። እንዲህ ያለው ዓመት በ19 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ከዓመታት ሁሉ የእሷ ዓመት ላይ ዋለ።

የኔታ ሳቁ። «ቀሪ ሲጠፋ አሥራ ዘጠኝ ብለሽ ትይዣለሽ ልጄ። ያቺን ላነሣት ስል እኮ ነው ደውላችሁ የሸኛችሁኝ።» ቀጥለውም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፣ ይኸ ሣጥናችሁ ደግሞ ያልያዘውንም አይለቅም አሉ። ልጆቹ አገር ይያዝ አሉ በሳቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ፋሲካ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። በክፍሉ ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ አልኳት። ማሽኑ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው፤ እኔ ሳልጨርስ ነገርኩት፤ እናትሽ አልረሳችም አልኳት። አቀረቀረች። ነይ ራስሽ አርሚው ስላት መብራት ድርግም። የኔታ ይኸስ መብራት አይፈልግም በሚል ጣታቸውን አንሥተው እያሳዩን ወጡ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መብራት አለ። ፋሲካ ብቻዋን ተቀመጠች። ብሎኩን፣ የትእዛዙን ቁራጭ፣ ፈልጋ አገኘችው፦ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 19 ይሁን። ቦታውን ሁለቴ ሳተች። አልነገርኳትም፤ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ገባ። 2005 አለች። ሚያዝያ 27።

አልጮኸችም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆየች። ያ ስምሽን ቀይሪ ያላት ልጅ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው መሰለኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገርሽ? ስድስት ዓመት ዐረብ አገር፣ ሦስት ዓመት ኮሌጅ፣ ለዚች ቀን ከሆነ አይቆጨኝም።

ከዚያ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንግዲያው እማ ለፋሲካ መምጣቷም እውነት ነው አይደል ቲቸር አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ለምንድን ነው የነቀነቅኩት?

መጋቢት 19፣ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት

የሺ ቁጥሩን ሰጠችኝ፣ ደወልኩ። እናትየው የልጅሽ አስተማሪ ነኝ ስላት መጀመሪያ ደነገጠች፤ የታመመች መስሏት። አይደለም አልኳት። ስለ ማሽኑ ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

አትመጣም። አሠሪዋ ውሉን አራዝማባታለች፣ ፓስፖርቱም በእሷ እጅ ነው። ካወቀች ወር አልፏታል። ለልጄ አትንገሪብኝ፣ ሲቃረብ አንድ ነገር እላታለሁ አለችኝ። እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ብዬ ነበር አልኳት። ለእናቴ ሦስት ፋሲካ እመጣለሁ አልኳት፤ የመጣሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። እሑድ አንቺው ራስሽ ንገሪያት፣ አብሬያት እሆናለሁ አልኳት። እንዴት ብዬ አለች። መልስ ሳልሰጣት ዘጋችው፣ ወይም ኔትወርኩ።

ስገባ ፋሲካ በእረፍት ሰዓት ማሽኑ ላይ ናት። የሆነ ነገር ወደ ወረቀት ትገለብጣለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ፊቷን ማየት ከብዶኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጋፋት ወረድኩ፣ አባቴ ጋ። የገብስ ዘር እየለቀመ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬ ለቀምኩ። ጠጠር፣ ገብስ፣ ጠጠር።

እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። እማ ያኔ እመጣለሁ ስላት አምናኝ ነበር ወይ? «ታውቅ ነበር ልጄ። ድምፅሽን ሰምታ ታውቅ ነበር። እንዳታፍሪ ብላ ነው አዎ እምትልሽ።»

ደብተሬ፣ እኔ እማን ከሐዘን የምጠብቃት መስሎኝ ነበር። እሷ ናት ለካ የጠበቀችኝ። ሁለታችን አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ተነጋግረን አብረን ብናለቅስ ምን ነበር? አባቴ ፊት አለቀስኩ። እሱ መልቀሙን ቀጠለ። ሲመሽ ገብሱን አሸክሞ ሰደደኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከየሺ ቤት አሁን መግባቴ ነው።

የሺ ቤት በ8 ሰዓት ደረስኩ። ስልኩ በ8፡20 ጮኸ። ፋሲካ አነሣችው፤ እናቷ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ክፈቺው አለቻት። ሰላም ተባባሉ። እኔ እየጸለይኩ ነው። ከዚያ እናትየው ጀመረች፤ ዘንድሮ ለፋሲካ እንደማትመጣ፣ ወር ሙሉ አውቃ እንደደበቀቻት፣ ፈርታ እንደነበር። አላሰማመረችውም። እግዜር ይስጣት።

ሳትጨርስ ፋሲካ ከኪሷ አንድ ወረቀት አወጣች። አራት ቦታ የታጠፈ። ከላይ የዘንድሮው፣ ከሥሩ የሚመጡት ዓመታት ፋሲካዎች ናቸው፣ ከማሽኑ የተገለበጡ። ዓርብ ዕለት ማለት ነው፣ እናቷ ሳትነግራት። እሷም ታውቅ ነበር ለካ። በእነዚያ እሑዶች የእናቷን ድምፅ ሰምታ።

የዘንድሮውን ዘላ ማንበብ ጀመረች። 2018፣ ሚያዝያ 4። 2019፣ ሚያዝያ 24። 2020፣ ሚያዝያ 8። እስከ 2024 ወረደች። ከዚያ፦ «እማ፣ ከነዚህ የምትችይውን ምረጪ። የማትችይውን አትንገሪኝ።»

የሺ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከማዶ ድምፅ የለም። ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ልነካ ስል ፋሲካ እጄን ያዘችኝ። ትቁጠር አለችኝ። ቆጠረች መሰለኝ፣ ውሉን፣ ወሩን፣ ምኑን። በመጨረሻ እናትየው 2019 አለች። እርግጠኛ ነሽ አለቻት ልጅቱ። አዎ አለች፣ በዚያች አልዋሽሽም።

ፋሲካ 2019ን ከበበችው። ከዚያ የቀሩትን በሙሉ፣ ዘንድሮንም ጨምራ፣ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። እየሰረዘች በስልኩ ነገረቻት። በነዚህ አልጠብቅሽም፣ ሳትጨነቂ ሥሪ አለቻት።

እናቷ ከማዶ ስሟን ጠራቻት። ስሟን ብቻ፣ ሁለት ጊዜ።

አቤት አለች ፋሲካ።